ሃያ ስድስት ዓመት የወደቀ ሰው

ቼ ዮንግኩይ በየማለዳው የመምህሩን ግቢ ከመርገጡ በፊት በር ላይ ቆሞ ኪሱን ያራግፋል። መጀመሪያ ቁልፎቹን፣ ቀጥሎ ስልኩን፣ በመጨረሻ ቶፉ የሚቆርጥባትን አጭር ቢላዋ ያወጣና ከአጥሩ ሥር ባለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያም የሱሪውን የኋላ ኪስ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ባዶነቱን ያረጋግጣል። የእጅ ስልክ ወደ መንደሩ ከመምጣቱ በፊት በስልኩ ፈንታ የሲጋራ ፓኮ ነበር የሚያወጣው። ሲጋራውን ትቷል፤ ኪስ ማራገፉን ግን አልተወም።

ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ቢጠይቁት መልሱ አጭር ነው፤ ሊወድቅ ነው የሚገባው። ቁልፍ ላይ በዳሌው የወደቀ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲያነክስ ይከርማል።

ዮንግኩይ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሄናን ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ሁዋይዌይ በምትባል የስንዴ መንደር፣ ከአባቱ በወረሰው ወፍጮ አኩሪ አተር እየፈጨ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ይሠራል። ደረቱ ሰፊ፣ ሆዱ ገፋ ያለ ነው፤ ድምፁ ግን ለዚያ ሰውነት የማይመጥን ቀጭን ነው። ጎህ ሲቀድ የፈላውን የአኩሪ አተር ወተት ያረጋል፣ በጨርቅ ይጠቀልላል፣ ድንጋይ ይጭንበታል። ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ያለችውን ሰዓት ለመምህሩ ሰጥቷል።

መምህሩ የኔታ ጓን ሺዩዋን ይባላሉ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ሂሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ቁጣ የማያውቁ ሰው ናቸው። ከአያታቸው አባት ጀምሮ በቤታቸው የወረደ፣ ታይ ቺ የሚባል በዝግታ የሚሠራ የትግል ጥበብ አላቸው። አያታቸው በዚህ ጥበብ ወንዝ ዳር ሦስት ሽፍቶችን ውሃ ውስጥ ገፍተው ጥለዋል ይባላል። ያየ ሰው የለም፤ የሰማ ግን መንደሩ ሙሉ ነው። ግቢያቸው ውስጥ በየቀኑ አሥራ አምስት ያህል ሰው ይሰበሰባል፤ ፀጉር አስተካካዩ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሁለት ባልቴቶች፣ ጡረተኞች። በዝግታ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ላባቸው ጠብ ሲል ያርፋሉ።

ሁሉም የሚጠብቀው ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ነው። የኔታና ዮንግኩይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። የእጃቸውን አንጓ ከአንጓ ያገናኛሉ። ለጥቂት ጊዜ እጆቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ከዚያ የኔታ እንደ ዘበት መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ዮንግኩይም ከመሬት ተነሥቶ ወደ ኋላ ይበርና ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው አሮጌ ፍራሽ ጋር ተላትሞ ይዘረራል። ባልቴቶቹ ያጨበጭባሉ።

እንዴት እንደተጀመረ ዮንግኩይ በደንብ ያስታውሳል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ደረቱን የሚያፍን በሽታ ይዞት መድኃኒት አልረዳው ሲል፣ የኔታ በአንድ ክረምት ትንፋሹን አስተካከሉለት። በሦስተኛው ወር ገፋ ሲያደርጉት እርጥብ ጡብ አዳለጠውና እውነቱን ወደቀ። የኔታ ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። "ገባህ" አሉት፤ "ዛሬ ሰውነትህ ገባው"። በማግስቱ ጡቡ ደረቅ ነበር። የኔታ ገፉት። ዮንግኩይ የትናንቱ ፊት ታየውና ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላታለለም፤ ቢያንስ ለራሳቸው እንደዚያ ነበር የሚሉት። መምህር ሲገፋ ቆሞ መቅረት በዚያ ግቢ ፊት ለፊት እንደ መሳደብ ነው። አዲስ ተማሪ ተገፍቶ ከቆመ፣ ዮንግኩይ ከበር ውጭ ጠጋ ይለውና በለሆሳስ ይመክረዋል። "ግትር ነህ። ሰውነትህን ጨብጠህ ይዘኸዋል። ልቀቀው፤ የኔታ እጅ ላይ ልቀቀው" ይለዋል። ሰውየውም በሳምንቱ ይወድቃል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። የኔታ በዚህ ሁሉ ዘመን በእጃቸው የነኩት ሰው ሁሉ ሲወድቅ አይተዋል። የሂሳብ መምህር ናቸውና ያዩትን ደመሩ።

በዚህ የምትስቀው የዮንግኩይ ሚስት ጁሺያንግ ብቻ ነበረች።

"አንተ ሰውዬ" ትለዋለች የአኩሪ አተር ጆንያ አብረው ሲያወርዱ፣ "አንድ ሽማግሌ በሁለት ጣት ሲነካህ እንደ ቅጠል ትበራለህ። እኔ አልጋ ላይ ትንሽ ጠጋ በል ብዬ በሁለት እግሬ ስገፋህ ግን ንቅንቅ አትልም። ምናለ ለእኔም አንድ ቀን ብትወድቅልኝ?"

"የአንቺ ጉልበት ሌላ ነው።"

"የእኔማ እውነተኛ ነው።"

ይሳሳቁ ነበር።

ሳቁ የቆመው በዚያው በሃያ ስድስተኛው ዓመት፣ ስንዴው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሹ ወሬ ይወዳል፤ የኔታንም ይወዳል። አንዱን ማለዳ በስልኩ ቀረጸና "ሁለት ጣት፣ ሦስት ሜትር" የሚል ጽሑፍ ጨምሮ ለቀቀው። በአራት ቀን ውስጥ የሁዋይዌይን ሕዝብ መቶ እጥፍ የሚሆን ሰው አየው። ሹ ደንበኛውን ግማሽ ጢሙን ላጭቶ ወንበር ላይ ትቶት እየሮጠ መጥቶ ቁጥሩን ለዮንግኩይ አሳየው። በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ።

የመለሰው ዱዋን ፔንግ ነበር፤ በወረዳው ከተማ የቡጢና የትግል ማሠልጠኛ ያለው የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት። ጆሮው በትግል ብዛት እንደ ደረቀ እንጉዳይ ተጨማዷል። ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ የዮንግኩይን አወዳደቅ ደጋግሞ አሳየ፤ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ ከኋላ ወደ ፊት።

"እስቲ ይሄን ወፍራም ሰውዬ እዩት" አለ። "እጁ ሳይደርስበት እግሩ ተነሥቷል። ወይ ተዋናይ ነው ወይ ሆዱን ቆርጦታል። ሽማግሌው ለጤና ነው የማሠራው ቢሉ እጃቸውን እስማለሁ፤ እናቴም ትሠራለች። ለድብድብ ነው ካሉ ግን ይምጡ። እኔን አንድ እርምጃ ካነቃነቁኝ ጓንቴን ሰቅዬ ቶፉ እሸጣለሁ።"

ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለው አዩት። እያንዳንዱ ሰው እሱ ራሱ እንዴት እንደሚወድቅ ያውቃል፤ አጠገቡ ያለው ግን እውነቱን ይወድቅ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ሁሉም ዝም አለ።

የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠራረጉ። አልተቆጡም።

"ጥያቄው ተገቢ ነው" አሉ፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ። "ልጁ መልሱን ማየት ይፈልጋል። እናሳየዋለን።"

"ልጅ ነው፣ የኔታ፤ ተዉት ይጩኽ" አለ ዮንግኩይ።

"ጩኸት ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። አልገባውም እኮ። ያልገባው ልጅ ትቼ አላውቅም።"

ውድድሩ ከስንዴው አጨዳ በኋላ፣ በወረዳው ከተማ የስፖርት አዳራሽ እንዲሆን ተወሰነ።

በሹ ፀጉር ቤት ወሬው ሌላ አልነበረም። የአውቶቡስ ሾፌሩ ፎጣ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ይከራከራል።

"ልጁ የሚመታው አየር ነው የሚሆነው" ይላል። "የኔታን ለመምታት መጀመሪያ ማግኘት አለበት።"

"አንተን በመስከረም ሲገፉህ ምን ተሰማህ?" ይለዋል ወረፋ የሚጠብቅ ሰው።

"ምን ይሰማኛል፤ ወደቅኩ።"

"እሱን አይቻለሁ። ምን ተሰማህ ነው ያልኩህ።"

"ዝም ብለህ ተላጭ" ይላል ሹ በመካከል፣ ምላጩን እያወዛወዘ፤ ወሬውም ወደ ዝናብ ይዞራል።

ዮንግኩይ ከዚያ ቀን ጀምሮ አወዳደቁን መቁጠር ጀመረ። እስከ ውድድሩ ሃምሳ ሦስት ማለዳ ቀርቷል። ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ አንድ። በየቀኑ አንድ ጊዜ ይወድቃል፤ አንድ በወደቀ ቁጥር የኔታን ወደዚያ አዳራሽ አንድ እርምጃ እንደሚያቀርባቸው ይታወቀዋል። ቶፉው ጨርቁ ውስጥ ሲጨመቅ ቆሞ ያያል፤ ጁሺያንግ ሁለቴ ካልጠራችው አይሰማም።

አንድ ቀን የመምህሩ ሚስት እማማ ሩዪን ባሮ ሽንኩርት እየከተፉ ጠሩት።

"ና እስቲ፣ ልጄ፣ ቁጭ በል። አንድ ነገር ልጠይቅህ። የኔታህ ሲወድቁ አይተህ ታውቃለህ?"

"አላየሁም፣ እማማ።"

"እኔም አላየሁም። አርባ አንድ ዓመት አብሬያቸው ስኖር በረዶ እንኳ አዳልጧቸው አያውቅም። ሰው ይህን ሲሰማ ያደንቃል።" ቢላዋቸውን አቆሙ። "እኔ ግን ፈራሁ። ይምታቸው፤ የተመታ ፊት ይድናል። መውደቅ የማያውቅ ሰው ሲወድቅስ ምን ይሆናል?"

ዮንግኩይ መልሱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሃያ ስድስት ዓመት ከልቡ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር መውደቅ ነው። አገጭ ወደ ደረት፤ ጀርባ እንደ ጎድጓዳ ሳህን መጉበጥ፤ መዳፍ ከሰውነት ቀድሞ መሬቱን መምታት፤ ትንፋሽን መልቀቅ። አንድ ጊዜ ጆንያ ከጫነ መኪና ላይ በጀርባው ተገልብጦ አቧራውን አራግፎ የተነሣው በዚህ ነው። ይህን ሁሉ በዚያ ግቢ ባልቴቶቹ እንኳ ያውቁታል፤ ከአንድ ሰው በስተቀር። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚገፋቸው አልነበረምና የጓን ሺዩዋን ጀርባ መሬት ነክቶ አያውቅም።

በማግስቱ ዮንግኩይ ዘዴ ፈጠረ። ልምምዱ ሲያበቃ፣ "የኔታ፣ አዲሶቹ መውደቅ አይችሉበትም፤ ወገባቸውን እየተጎዱ ነው። እርስዎ አንድ ጊዜ ወድቀው ቢያሳዩን" አለ።

የኔታ በመገረም አዩትና ሳቁ። "መውደቅ ያንተ ድርሻ ነው፣ ዮንግኩይ። ከአንተ በላይ ማን ያሳያል? በል አሳያቸው።"

ሁሉም ሳቀ። ዮንግኩይም አሳየ፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ ወደ ኋላ። ሲወድቅ ዓይኑን ከየኔታ ላይ አልነቀለም። እሳቸው ግን የሻይ ኩባያቸውን ክዳን ከፍተው ቅጠሉን በትንፋሻቸው ወደ ዳር እየገፉ ነበር።

"አትውደቅላቸው" አለችው ጁሺያንግ። አሁን መሳቅ ትታለች። "በቃ ቁም። አፍህ ካልቻለ እግርህ ይንገራቸው።"

"በአሥራ አምስት ሰው ፊት?"

"በሁለት ሺህ ሰው ፊት ከሚሆን።"

አሥራ ሁለት ማለዳ ሲቀር ቆመ። የኔታ እንደ ወትሮው መዳፋቸውን ዘረጉ። ዮንግኩይ እግሩን መሬት ላይ ተከለ። መዳፋቸው ደረቱ ላይ አረፈ፤ ለስላሳ፣ ሙቅ የሽማግሌ እጅ። ይህን እጅ ከዚያ በፊት እስከ መጨረሻው ተሰምቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ቀድሞት ይነሣ ነበር። አሁን ሙሉውን ተሰማው። ግማሽ ጆንያ አኩሪ አተር ያህል እንኳ አይከብድም።

ሹ ስልኩን ዝቅ አደረገ። የኔታ እንደገና ገፉ፤ ጠንከር አድርገው። ዮንግኩይ ቆሟል። የሽማግሌው ክንድ ከክርኑ በታች መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዮንግኩይ ቁጣ ጠበቀ፤ ወይም ያ የፈራው ነገር፣ እውነቱ የገባው ሰው ፊት። ሁለቱም አልመጡም። የኔታ አዘኑለት።

"ዛሬ አሞሃል እንዴ፣ ልጄ?" አሉት በቀስታ። "ደረትህን ነው? ያ በሽታ ተመለሰብህ?"

መልሱ አፉ ውስጥ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ መሬት መሬቱን ያያሉ። አንዷ ባልቴት የሹራቧን ቁልፍ እየፈታች ትቆልፋለች። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ቀና ብሎ ቢያየው ዮንግኩይ ይናገር ነበር፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል።

"ትንሽ ደክሞኝ ነው፣ የኔታ" አለ። ጉልበቱን ለቀቀና ወደ ኋላ በረረ። ፍራሹ እንደዚያ ቀን ጮኾ አያውቅም። ባልቴቶቹም ከሌላው ቀን ይልቅ ረዘም አድርገው አጨበጨቡ።

የውድድሩ ቀን ሙቀቱ ከባድ ነበር። በየማሳው የስንዴው ቃርሚያ ብቻ ቀርቶ አቧራው መንገዱን ሸፍኖታል። የአውቶቡስ ሾፌሩ መንደሩን በነፃ ጭኖ ወሰደ። የኔታ ከፊት ወንበር ላይ፣ ልጃቸው የሰፋችላቸውን አዲስ ነጭ የሐር ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ዮንግኩይ ዞረው ደረቱን ይሻለው እንደሆነ ጠየቁት።

አዳራሹ ውስጥ መድረኩን በእርምጃቸው ለኩት። "ጠባብ ነው" አሉ። "ልጁ በየት በኩል ይወድቃል? በመጀመሪያው ጠንክሬ አልገፋውም፤ ገመዱ አንገቱን እንዳይጎዳው።" የጥርስ መከላከያ ሲሰጧቸው አሸተቱትና በትሕትና መለሱት።

ዱዋን ፔንግ ሲወጣ ጩኸቱ ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። እሱ ግን ለማንም እጁን አላወዛወዘም። የኔታ ጡጫቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሰላምታ ሰጡት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ አጸፋውን መለሰ። ደወሉ ተደወለ። የኔታ ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው አንጓቸውን ሰጡ። በግቢያቸው ሁሉም ነገር የሚጀምረው እንደዚያ ነውና የልጁን አንጓ ጠበቁ።

ልጁ አንጓ አልሰጠም። ሰው የመጣው ሲዞርና ሲቀልድ ሊያይ ነበር፤ በቪዲዮው ያየው እንደዚያ ነውና። እሱ ግን ፊቱ ነጥቶ፣ እባብ ያየ ሰው እንደሚቸኩለው ቸኩሎ፣ የተዘረጋችው እጅ እንዳትነካው በጎን ሸሽቶ ገባ። አንድ ግራ። አንድ ቀኝ። ቀኙ አገጭ ላይ አረፈ።

የኔታ እንደ ሳንቃ ወደቁ፤ ቀጥ ብለው፣ አገጫቸው ወደ ላይ፣ የተዘረጋችው እጅ እንደተዘረጋች። ዮንግኩይ ከገመዱ ሥር ቆሞ ነበር። የገዛ አገጩ ሳያዝዘው ወደ ደረቱ ገባ፤ መዳፉ የመድረኩን ጠርዝ በኃይል መታ። ሰውነቱ በሙሉ ወደቀላቸው፤ ግን ለእሳቸው አልደረሰላቸውም። ጭንቅላታቸው ከኋላ በኩል ወለሉን ሲመታ ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ሩቅ የተቀመጡት አልሰሙትም፤ ይስቁ ነበር። ከደወሉ እስከዚያ ዘጠኝ ሰከንድ ነው።

መጀመሪያ የተንበረከከው ዱዋን ፔንግ ነው። ጓንቱን በጥርሱ እየጎተተ "ሐኪም፣ ሐኪም" ይላል፤ ጩኸቱ ግን ገና አልቆመም ነበርና ሰው የሚሰማው አልመሰለም።

ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሃያ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኙ። በሦስተኛው ቀን ዱዋን ፔንግ አንድ ከረጢት ኮክ ይዞ መጣ። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ዮንግኩይ ብቻ ነው። ልጁ ከረጢቱን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠና አንድ ነገር ሊጠይቅ እንዳለ ሰው ቆሞ አየው። ዮንግኩይ ቀና አላለም። ልጁ ሳይጠይቅ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በሽማግሌ የሚያሾፍ ቪዲዮ ሠርቶ አያውቅም ይላሉ።

አሁን የኔታ ግቢ ውስጥ በክንድ መደገፊያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። ከተማሪዎቹ አራት ቀርተዋል፤ ሁለቱ ባልቴቶች፣ ሹ እና ዮንግኩይ። ፍራሹ ወርዷል። ዮንግኩይ በየማለዳው አንድ ሳህን ለስላሳ ቶፉ ይዞ ይመጣና በማንኪያ ያጎርሳቸዋል፤ ጢማቸውንም ይላጫቸዋል። ያን ቀን ጨርሶ አያስታውሱትም። ከእሱ በፊት ያለውን ግን ሁሉንም ያስታውሱታል።

"ዮንግኩይ" ይላሉ፣ ስሙን በአፋቸው አንከባልለው። "ውድድሩ መቼ ነው?"

"ከስንዴው አጨዳ በኋላ ነው፣ የኔታ።"

"ልጁ አንገቱን... እንዳይጎዳ።"

"አይጎዳም።"

ስንዴው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ታጭዷል። በየማለዳው ግን ውድድሩ ገና ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ ለመሄድ ዝግጁ ናቸው፤ ዮንግኩይም በየማለዳው ሊያስቀራቸው ይችላል፤ በየማለዳውም ያጎርሳቸዋል እንጂ ምንም አይላቸውም።

ዮንግኩይ ይህን ሁሉ፣ ይህን ታሪክ ለምትጽፈው ለሚስቱ የእህት ልጅ ሲነግራት ያፈረበት ነገር አልነበረም። የሚወድቀው እያወቀ መሆኑን ጻፊ አላት። ቆሞ እንደገና መውደቁንም ጻፊ አላት። ስሜንም አትቀይሪ አለ። አንድ ነገር ከነገራት በኋላ ግን እጁን እጇ ላይ አድርጎ "ይቺን ብቻ ተዪልኝ" አላት።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ረፋዱ ላይ፣ ቶፉው ተሸጦ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሞተር ብስክሌት ከሱቁ ፊት ቆመ። ዱዋን ፔንግ ሄልሜቱን አውልቆ በርጩማ ላይ ቁጭ አለና ለስላሳ ቶፉ በበርበሬ ዘይት አዘዘ። ጁሺያንግ ገበያ ሄዳለች። ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ዙሪያውን አየ።

"ጋሽ ዮንግኩይ፣ ለነገር አልመጣሁም" አለ። "በዚያ ቪዲዮ ስለሰደብኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ ለጩኸት ነው፤ እንጀራዬ ነው። አባቴ የእሳቸው እኩያ ነው። ከእናቴ ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የሰነበትነው።"

"ምን ፈልገህ ነው?"

"እውነቱን። ሲገፉዎት የሚወድቁት የእውነት ነው? ለአክብሮት ብለው ከሆነ ይንገሩኝ። ወገቤን አመመኝ ብዬ እሰርዘዋለሁ። ሰው በእኔ ይሳቅ፤ ግድ የለኝም። መሰረዝ እንኳ ካልተቻለ እየዞርኩ ሰዓቱን እፈጀዋለሁ፤ ጣቴን አላነሣባቸውም። እኔና እርስዎ ብቻ ነን የምናውቀው። ማንም አይሰማም።"

መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ዮንግኩይ "ለአክብሮት ነው" ቢል ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር፤ የኔታም ምንም ሳያውቁ ድል አድርገው ወደ ግቢያቸው ይመለሱ ነበር። ያንን ያውቅ ነበር። "ለመምህሬ ክብር ብዬ ነው የዋሸሁት ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር" አላት ልጅቷን። "ግን ልጁ ሲጠይቀኝ የታየኝ የኔታ አልነበሩም። የታየኝ በየማለዳው ወድቄ የምነሣው እኔው ራሴ ነኝ። ለዚህ ልጅ የውሸት ነው ካልኩት፣ ያ ሁሉ ዓመት ምን ስሠራ ነበር እባላለሁ?"

ስለዚህ ማንኪያውን አስቀምጦ የሚጠብቀውን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ "የእውነት ነው" አለው። ልጁ ያላመነ መሰለው። "ስማኝ፣ ልጄ" አለው ቀጥሎ፣ ጠጋ ብሎ፣ ለአዲስ ተማሪ በሚናገርበት ድምፅ። "ያ እጅ ሲነካህ መሬቱ ከሥርህ ይሸሻል። ሽማግሌ ናቸው ብለህ እንዳትዘናጋ። እንዲነኩህ አትፍቀድ። ደወሉ እንደተደወለ ቀድመህ፣ በሙሉ ኃይልህ ካልመታሃቸው፣ አለቀልህ።"

ዱዋን ፔንግ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ከዚያ ተነሣ፤ ፊቱ ትንሽ ነጥቶ ነበር። በሁለት እጁ የዮንግኩይን እጅ ይዞ ጎንበስ አለና፣ "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ" አለው።